ለልጆች ምሳ የጋገርነው የሐሙስ ዳቦ

ጎረቤቴ የልጄን ምሳ ዕቃ ከፍታ እንደምታይ የነገረችኝ ልጄ ራሷ ናት። ከትምህርት ቤት ተመልሳ ደብተሯን አልጋው ላይ እየወረወረች፣ እንደ ቀላል ነገር፣

«የጓደኛዬ እናት ዛሬም ምሳዬን ከፍተው አዩት» አለችኝ።

«አዩትና ምን አሉ?»

«አሸተቱት። እናትሽ ምን ምን ጨምራበት ነው አሉኝ።»

«አንቺስ?»

«ሙዝ አልኳቸው። ሌላ አላውቅም አልኳቸው። ስንት ዳቦ ጋገረች ብለውም ጠየቁኝ።»

የያዝኩትን ወንፊት አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ቅመሙን መጠየቅ የሴት ወግ ነው። የዳቦውን ብዛት መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያውም ጠያቂዋ የቀበሌያችን ሴቶች ማህበር ሊቀመንበር ስትሆን።

ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ የምንኖረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነበር። የልጆቹ ትምህርት ቤት ዳገቱ ላይ፣ ሴቻ ስለሆነ፣ በምሳ ሰዓት ቤት ደርሰው መመለስ አይችሉም። ብዙዎቹ የተቀቀለ ስኳር ድንች ወይም ደረቅ የበቆሎ ቂጣ በጨርቅ ቋጥረው ይሄዳሉ። ወጥ የነካው ነገር ሁሉ በዚያ ሙቀት ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይበላሻል። ስለዚህ እኔ ዳቦ ላይ ጸናሁ። ወንድሜ ከገረሴ የሚልክልኝን ስንዴ አስፈጫለሁ። ልጣጩ ጠቁሮ ገዢ ያጣ የጫኖ ሙዝ ልጬ እደፈጥጠዋለሁ፤ ከዱቄቱ ጋር አብሬ አቦካዋለሁ። እንቁላልና ትንሽ ቅቤ ጣል አደርግበታለሁ። ስኳር ያለ ቀበሌ ሱቅ ወረፋ አይገኝም ነበርና ጣፋጩ ከሙዙ ይመጣል። ሊጡ ሲነሳ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ ብረት ድስት ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ከታችም ከክዳኑም ላይ ፍም አደርጋለሁ። እንዲህ የተጋገረ ዳቦ በነጋታው እንኳ አይደርቅም፤ ሕፃን ልጅ ያለ ሻይ ሊውጠው ይችላል።

አንድ ክፋት አለው፤ ይሸታል። ሙዝና ቅቤ ፍም ሲነካቸው ሽታው አጥር ዘሎ ጎረቤት ይገባል። በብዛት የምጋግረው ደግሞ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ሰው ይመጣል። እኛ ጴንጤ የምንባል ነን። የምናመልክበት ቤት በር ከታሸገ ወዲህ ጥቂት ሆነን በየቤቱ እንጸልይ ነበር፤ ሐሙስ የእኛ ቤት ተራ ነው። ባለቤቴ የኦቾሎ ሰው ነው፣ ሸማኔ። የሽመና ጉድጓዱ ጓዳችን ውስጥ ስለነበር ሰው ወደ እኛ ቤት ቢገባ ቢወጣ ምክንያት አያጣም። አንዱ ድር ይዞ ይመጣል፣ ሌላዋ ጋቢ ለማዘዝ ትመጣለች። መጽሐፍ ቅዱሱን የሚያመጣው አንድ የጫኖ ሙዝ ነጋዴ ነበር፤ ቅርጫቱ ሥር አድርጎ፣ ከላይ ሙዝ ደርድሮበት። ጸሎቱ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ዳቦ እቆርሳለሁ። የተረፈውን ለዓርብ ምሳ ለልጄ አስቀምጥላታለሁ።

እንግዲህ ያቺ ሴት «ስንት ዳቦ ጋገረች» ስትል የጠየቀችው «ስንት ሰው መጣ» ብላ ነው። እኔ እንደዚያ ነው የሰማሁት።

አጥራችን አንድ ነበር። ከሰሜን የመጣች፣ ባሏ ግንባር ያለ ወታደር፣ አንዲት ልጇን ይዛ የምትኖር ሴት ናት። ልጇና ልጄ አንድ ክፍል ናቸው። አማርኛዋ የራዲዮ አማርኛ ነው። እኔ በጋሞኛ አፌን የፈታሁ ስለሆንኩ ስደነግጥ ሴቱና ወንዱ ይዘበራረቅብኛል፤ እሷ ታርመኛለች። ስታርመኝ ዓይኗ ፊቴ ላይ ይቆያል፤ ለምን ደነገጥሽ የምትለኝ ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ሐሙስ አልጋገርኩም። ለእንግዶቼ የበቆሎ ቆሎ ሰጠኋቸው። ባለቤቴም በጸሎቱ ሰዓት የሽመናው ድምፅ እንዳይቋረጥ ብሎ ሽመና የማያውቅ አንድ ጎልማሳ ጉድጓዱ ላይ አስቀመጠ። ሰውየው መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ሲያንቋቋ ድሩን እንዳለ አወሳስቦት ተነሳ። ባለቤቴ ያንን ሲፈታ ሁለት ቀን ፈጀ።

ልጄንም መከርኳት። «ምሳሽን ሰው ፊት አትክፈቺ። ብቻሽን ብዪ።»

«ጓደኛዬስ? ሁልጊዜ እኮ ግማሹን እሰጣታለሁ። እሷ ደግሞ ሽምብራዋን ትሰጠኛለች።»

ይህን አላውቅም ነበር። የሊቀመንበሯ ልጅ የእኔን ዳቦ ስትበላ ኖራለች ማለት ነው። ነገሩ ይበልጥ ከበደኝ።

«ከእንግዲህ አትስጫት» አልኳት።

በማግስቱ ምሳ ዕቃዋ እንደሄደ ተመለሰ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ጓደኛዬ እያየችኝ እንዴት ልብላ አለችኝ። ቆጣ ብዬ ልናገራት አስቤ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆመች፤ ግቢ ብላትም እዚያው ቆየች።

«ልጅሽ ለልጄ ዳቦ መስጠት አቁማለች» አለች።

«ልጄ አሞት ነበር፤ ጠግቦ…»

«ሴት ልጅ እኮ ናት። አሟት፣ ጠግባ በይ።»

«አሟት» አልኩ።

«ቅቤ አለበት?»

«ምኑ?»

«ዳቦው ነዋ! የዓርቡ። ቅቤና እንቁላል አለበት አይደል? እኔ ቤት ዓርብ ይጾማል። ልጅቱ እጇ ቅቤ ቅቤ እየሸተተ ስትመጣ ጊዜ ነው የነቃሁት። ሰው ደግሞ ይላል፣ ጴንጤዎች ልጅ የሚያስኮበልሉት በምግብ ነው። ቀስ እያሉ ጾም ያስገድፋሉ፣ ቀጥሎ ማተብ ያስበጥሳሉ።»

ሳቄ ሊመጣ ነበር። እኔ ትሰልለናለች ስል፣ እሷ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው ስትል ከርመናል ለካ።

«ለዚህ ነው ምሳ ዕቃዋን የምትከፍቺው?»

«ለዚህም ነው» አለች።

ያቺ «ም» ሳቄን አጠፋችው። እሷም እንደገባኝ አየች። አንገቷን ወደ መንገዱ መልሳ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሐሙስ ሐሙስ የባልሽ መወርወሪያ ዝም ይላል። ዳቦሽ ደግሞ ይበዛል። ይህን የማየው እኔ ብቻ አይደለሁም። ቀበሌ ጠርተው ጠይቀውኛል።»

«ምን ብለሽ መለስሽ?»

«የልጇ ምሳ ነው አልኩ።»

«ለአንዲት ልጅ ያን ሁሉ?» አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የነቃሁት። ራሴው ነገርኳት።

«እኔም የምልሽ ይህንኑ ነው። ለአንዲት ልጅ ይበዛል። ለሰፈሩ ልጆች ከሆነ ግን አይበዛም።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ሐሙስ ሐሙስ ዱቄት ይዤ እመጣለሁ። የዓርቡን የልጆች ምሳ አንድ ላይ እንጋግር። ማህበሩ ያስጀመረው ነው እላለሁ። ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፤ በዘይት። እሺ ካልሽ ላኪብኝ።»

መልሴን ሳትጠብቅ ሄደች።

ባለቤቴ ነገሩን ስነግረው ክሩን ይዞ እስክጨርስ ሰማኝ።

«ቤታችን ልትገባ ነው» አለ በመጨረሻ። «ከአጥር ማዶ አልታይ ሲላት ገብታ ልታይ።»

«ልትረዳንስ ፈልጋ ቢሆን?»

«ቢሆን ደስ ይለኛል። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። እሺ ካልናት የሚበዛ ሰው አለን ብለን አመንን። እምቢ ካልናት ደግሞ የምንደብቀው አለ።»

ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ስንመዝን ሰነበትን። ከጸሎት ወዳጆቻችን አብዛኞቹ ፈሩ፤ ቀኑን እንቀይር አሉ። የጫኖው ነጋዴ ብቻ ነው በግልጽ የተቃወመው። «ቀን ከቀየራችሁ ይበልጥ ያስጠረጥራል። ጥሩ ሽፋን መጣላችሁ፤ ሐሙስን አትንኩ» አለ። ሁላችንም ሰማነው፤ አነጋገሩ የሚያሳምን ሰው ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሐሙስ ሐሙስ አብረን መጋገር ጀመርን። እሷ ከምሳ በኋላ ዱቄቷን ይዛ ትመጣለች፤ አብረን እናቦካለን፤ ድስቱ ፍም ላይ ሲወጣ እሷ ወደ ቀበሌው ውይይት ክበብ ትሄዳለች። የጸሎት ሰዎች የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስትመለስ ሁሉም ሄደው ዳቦው በርዶ ይጠብቃታል። የማንጠያየቀው ነገር ብዙ ነበር።

መተማመን ግን አልነበረንም። ያመጣችውን ዱቄት ምን እንደምፈልግበት ሳላውቅ ደግሜ እነፋዋለሁ። እሷ ደግሞ ድስቱን አንስታ ታሸትተዋለች፣ ቅቤ ነክቶት እንደሆነ። ዳቦው ሲቆረስ መጀመሪያ እኔ ካልቀመስኩ ለልጇ አታነሳም። አንዴ ጓዳውን በዓይኗ ስትለካ አየኋትና መጋረጃውን ሳብኩት።

«የሽመናውን ጉድጓድ አይቼ ስለማላውቅ ነው» አለች።

«ሌላ ቀን ባለቤቴ ያሳይሻል» አልኳት።

ያም ሆኖ ሥራው ራሱ ያነጋግረን ነበር። ያለ እንቁላል ሙዙ ብቻውን ዳቦውን አከበደው፤ መሃሉ ሊጥ እንደሆነ ይቀራል። እሷ ስኳር ድንች ቀቅለን እንጨምር አለች። ትክክል ነበረች፤ ዳቦው ለሰለሰ፣ ቀለሙም ወርቅ መሰለ። እኔ ደግሞ ጣፋጭ ለማይወዱት የሽፈራው ቅጠል ከትፌ፣ በጨውና በሽንኩርት አሽቼ፣ ትንንሽ ድቡልቡል ዳቦ አወጣሁ። ልጆቹ አረንጓዴውን መጀመሪያ ሸሹት፤ በኋላ ግን ለሱ ነበር የሚጣሉት። ዓርብ ጠዋት ልጆች ዳቦአቸውን በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ለመውሰድ በራችን ላይ ይሰለፋሉ። ያለ ምሳ የሚሄድ ልጅ የለም ብላ ሊቀመንበሯ በስብሰባ ላይ ተናገረች ሲባል ሰማሁ። ለልጆቹ ነው ወይስ ለስሟ ብዬ አሰብኩ። ስለ እሷ ያለ ጥርጣሬ ማሰብ አልችልም ነበር።

አንድ ሐሙስ ዝናብ ሊጥል ደመናው አባያ ሐይቅ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ከወትሮው ቀድማ መጣች። አብኩተን ድስቱን ፍም ላይ አወጣን። የምትሄድበት ሰዓት ደረሰ። አልሄደችም።

«ውይይት የለም ዛሬ?» አልኳት።

«አለ» አለችና በርጩማዋን በሩ አጠገብ ስባ ተቀመጠች። ስኳር ድንች አንስታ መላጥ ጀመረች፤ ለዚያን ቀን የሚበቃው ግን ተልጦ ሊጥ ውስጥ ገብቷል።

 ጓዳ ገብቼ ለባለቤቴ በጋሞኛ አልሄደችም አልኩት። መውጫ እንደሌለን ለሁለታችንም ገባን። ሰዎቹ ተነስተው መንገድ ላይ ናቸው። ልጄን ልልካት አሰብኩ፤ ልጄ ገና ትምህርት ቤት ናት።

የመጀመሪያዋ ሴት ክር ይዛ ገባች። ሊቀመንበሯን ስታይ ፊቷ ዓመድ መሰለ።

«ነይ ግቢ፣ ምን ያስደነግጥሻል» አለቻት ሊቀመንበሯ። «ቢላዋ ያውና፤ ሽንኩርቱን ክተፊ።»

ሁለተኛው ሽማግሌ ሰው ነበሩ። «አባባ፣ እንጨቱ እርጥብ ነው፤ እስኪ በጎን በጎኑ ፍለጡልን» አለቻቸው። ሌሎቹም እንዲሁ፣ እንደገቡ እጃቸው ላይ ሥራ ተቀመጠ። ቅጠል የሚያጥብ፣ ዱቄት የሚነፋ፣ ውሃ የሚቀዳ።  ባለቤቴ ጓዳ ሆኖ ሲሸምን የመወርወሪያው ድምፅ እንደዚያን ቀን ጮኾ አያውቅም። እኔ ቆሜ እሷን ብቻ አያለሁ። ሰው እየሰበሰበች ነው፤ ሁሉም ሲሞላ ታስይዘናለች። ከዚህ ሌላ አልታየኝም።

የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ሲገቡ በሩን አላንኳኩም። መሣሪያ ይዘዋል። አለቃቸው ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ይህ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል?» አለ።

«አይታይህም?» አለች ሳትነሳ። «የልጆች ምሳ።»

«ጓዲት፣ አንቺ እዚህ ትገኚያለሽ አልተባለም።»

«ማን ነው ያላለው? የማህበሩ ሥራ እኮ ነው፤ የት ልሁን?»

ሰውየው አፉን ሊከፍት ብሎ ተወው። ጓዳ ገቡ። አልጋውን ገለበጡ፣ ሳጥኑን ከፈቱ፣ ባለቤቴን ከጉድጓዱ አስነስተው ሥሩን በዱላ ነካኩ። ሙዝ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ምን ሙዝ? አልኩ። «ቅርጫት ውስጥ ያለው ሙዝ» አለ አለቃቸው። አልነበረም። የጫኖው ነጋዴ ያን ቀን አልመጣም፤ መጽሐፉም አልመጣም።

ሊቀመንበሯ ድስቱን ከፍታ ትኩሱን ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻቸው። አለቅየው ቆሞ በላ። «ጨው ያንሰዋል» ብሎ ወጣ።

ከሄዱ በኋላ ሽማግሌው መጥረቢያውን እንደያዙ እንባቸው ወረደ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ወጡ። እኔና እሷ ብቻ ቀረን። እሷ ዳቦዎቹን በቅጠል ትጠቀልላለች።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ያኛው ዳቦ ሊያር ነው፤ አውጪው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ጸሎቱን ተውነው አልልም፤ ቤት ለቤት፣ ሁለት ሦስት ሆነን፣ ቀን ሳንወስን ሆነ። የልጆች ዳቦ ግን ሐሙስ ሐሙስ ቀጠለ። የጫኖው ነጋዴ ከሳምንታት በኋላ መጣ፤ ፊቱ ገርጥቷል። ወባ ጥሎኝ ነበር አለ። በአርባ ምንጭ ወባ ያልጣለው ሰው የለምና ማንም አልጠየቀውም። ባለቤቴ ከዚያን ቀን ወዲህ ሙዝ ከእሱ ገዝቶ አያውቅም።

መንግሥት ተለወጠ። የጎረቤቴ ባል ከግንባር አልተመለሰም። እሷም ወደ ወገኖቿ አገር ልትሄድ ዕቃዋን ስታስር ልረዳት ገባሁ። ልጆቻችን ግቢው ውስጥ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። የምንደባበቀው ነገር ያለቀ መሰለኝና ጠየቅኋት።

«ያን ሐሙስ ታውቂ ነበር?»

«ጠዋት ነው የነገሩኝ» አለች ገመዱን እየቋጠረች። «ውይይት ክበብ ቆዪ፣ እኛ እንገባለን አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትሸሹ ነበር። ባዶ ቤት ቢያገኙ ማን እንደነገራችሁ ለማወቅ ደቂቃ አይፈጅባቸውም። ልጄን ማን ያሳድግልኛል?» ቀና ብላ አየችኝ። «ደግሞስ ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

አላምናትም ነበር። እሷም ታውቀዋለች።

«ስለ ሙዙ ማን ነገራቸው?»

ገመዱን አጠበቀች። «ይህን አትጠይቂኝ። እኔ ሄጃለሁ፤ አንቺ ከሰዎችሽ ጋር ትኖሪያለሽ።»

በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደች። አንድ ጊዜ ደኅና መግባቷን በሰው ልካልኛለች፤ ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም።

የታሸገው በር ተከፈተ፤ እሑድ እሑድ በነፃነት መዘመር ጀመርን። የጫኖው ነጋዴ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሆኖ ተመረጠ፤ ንባቡ አሁንም ያማረ ነው። ባለቤቴ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። አንድ ቀን፣ ያን ሐሙስ ለምን እንደቀረ ጠይቀው እንጂ አልኩት።

«ምን ብዬ? ወባ ይዞት ከነበረስ?» አለኝ።

እኔም አልጠየቅሁትም። ከአምልኮ በኋላ እጁን ሲዘረጋልኝ እጨብጠዋለሁ፤ እንዴት ዋላችሁ ይላል፣ ደኅና እላለሁ። እሱ ሲጸልይ ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ አልጨፍንም።